የድሮ ሴይኮ 5 ሲገዙ፦ «ይሠራል ወይ?» የመጨረሻው ጥያቄ ይሁን

የድሮ የእጅ ሰዓት ያነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል። ከመታ ዋጋ ይጠይቃል፣ ካልመታ መልሶ ያስቀምጠዋል። 7009 በሚባለው የውስጥ ማሽን ለሚሠራው የጃፓኑ ሴይኮ 5 ይህ አካሄድ የተገለበጠ ነው። የቆመ ማሽን ተፈትቶና ታጥቦ ይነሣል። ካልተነሣም ከሌላ ሰዓት የወጣ 7009 ማግኘት ከባድ አይደለም፤ በጣም በብዛት ከተመረቱት ማሽኖች አንዱ ነው። ዳያሉ፣ ማለትም ምልክቶቹና ጽሑፉ ያሉበት ፊት፣ አንዴ ከተበላሸ ግን ወደ ፋብሪካ መልኩ የሚመልሰው ባለሙያ የለም። ቀፎውም፣ ማለትም የሰዓቱ የብረት አካል፣ አንዴ በሞተር ከተወለወለ ብረቱ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ምርመራው ከፊቱ ጀምሮ ወደ ቀፎው ይሄዳል፤ ማሽኑ መጨረሻ ላይ ይታያል።

ስለ ሰዓቱ ባጭሩ። ሴይኮ 5 የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1963 ጃፓን ውስጥ «ስፖርትስማቲክ 5» ተብሎ ጀመረ። አምስቱ ነገሮች በራሱ መሙላቱ፣ ቀንና ዕለትን (የወሩን ቁጥርና የሳምንቱን ቀን ስም) በአንድ መስኮት ማሳየቱ፣ ውሃ መቋቋሙ፣ መሙያው (በጎኑ ያለው የሚዞር ቁልፍ) በ4 ቁጥር በኩል ወደ ቀፎው ገባ ብሎ መቀመጡ፣ ቀፎውና ማሰሪያው ጠንካራ መሆናቸው ናቸው። 7009 የሚባለው ማሽን በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ መጥቶ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ዘልቋል፤ ከዚያ 7ኤስ26 የሚባለው የሴይኮ ማሽን ቦታውን ያዘ። መፋጨትን የሚቀንሱ 17 ድንጋዮች አሉት። በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፤ በሰከንድ 6 ማለት ነው። የወንዶቹ ቀፎ ያለ መሙያው ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 36 ወይም 37 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ ትልልቅ ሰዓት ለለመደ እጅ ትንሽ ይመስላል፤ እኛ ግን ልኩ ይኸው ነው እንላለን።

ገዢ ጉድለት እየመሰሉት የሚጣላባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። መሙያውን ሳይጎትቱ ቢያዞሩት ሰዓቱ አይሞላም፣ ከፋብሪካም እንዲያ እንዲሞላ አልተሠራም። የሚሞላው ውስጥ ባለው ሮተር፣ ማለትም በሚዞረው ክብደት፣ በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሰዓት ለማስተካከል መሙያውን ሲጎትቱ የሰከንድ ቆጣሪዋ አትቆምም። ይህም የማሽኑ ጠባይ ነው። «ይኼ የተበላሸ ስለሆነ ቀንስልኝ» ብሎ በእነዚህ የሚከራከር ሰው ዕቃውን እንደማያውቅ ለሻጩ ነገረው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዳያሉ። በዚህ ሞዴል ላይ ትልቁ አደጋ ፎርጅድ ሰዓት ሳይሆን ዳያሉ እንደገና የተቀባ እውነተኛ ሰዓት ነው። በዓለም ዙሪያ በኢንተርኔት የሚሸጡ ርካሽና «እንደ አዲስ የሆኑ» ሴይኮ 5ዎች ትልቅ ክፍል ከሕንድ የሚወጡ ናቸው፤ ሰብሳቢዎች «የሙምባይ» ይሏቸዋል። ማሽኑ ሴይኮ ነው፣ ቀፎውም ብዙ ጊዜ ሴይኮ ነው። ዳያሉ ግን ተፍቆ በአዲስ ቀለም ተቀብቶ ጽሑፉ እንደገና ታትሟል። ደማቅ ብርቱካናማ፣ ሎሚ ቢጫ፣ ባለ ሁለት ቀለም ክብ፣ ፋብሪካው ያላወጣው ትልቅ የአረብ ቁጥር ሲያዩ ይጠርጥሩ። የ7009 ፋብሪካ ዳያል በብዛት ብርማ፣ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ጥቁር፣ ሻምፓኝ ወይም ቡናማ ነው። ብዙዎቹ ከመሐል ወደ ዳር እንደ ፀሐይ ጨረር የሚሄድ ስስ የብረት ጭረት አላቸው፤ ሰዓቱን ከብርሃን ሥር ቀስ ብለው ሲያዞሩት ብርሃኑ ይሽከረከራል። የተቀባ ዳያል ላይ ብርሃኑ አይንቀሳቀስም፣ ቀለሙ የግድግዳ ቀለም ይመስላል።

ቀለም ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። 10 ጊዜ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር ይያዙ፤ ከሌለ የስልክ ካሜራ በቅርብ ማንሻው ይበቃል። በመጀመሪያ የሚታየው ከ6 ቁጥር ሥር፣ የዳያሉ የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ነው። ፋብሪካው እዚያ በጣም ደቃቅ በሆነ ፊደል የማሽኑን ቁጥርና የዳያሉን ኮድ ያትማል፤ ለዚህ ሰዓት መነሻው 7009 መሆን አለበት። ቁጥሩ በከፊል በቀፎው ጠርዝ ሊሸፈን ስለሚችል ሰዓቱን ዘንበል አድርገው ይዩት። ጨርሶ ከሌለ ዳያሉ የተቀባ ነው ብለው ይነሡ። 6119 ወይም 6309 ብሎ ከጀመረ ዳያሉ ከሌላ ሰዓት መጥቷል። ከኋላ ያሉት የኮዱ ቁጥሮች በጀርባ ክዳኑ ላይ ካለው የቀፎ ቁጥር ጋር አንድ ባይሆኑ አይደንግጡ፤ የዳያልና የቀፎ ቁጥር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መመሳሰል ያለባቸው የፊተኞቹ አራቱ ናቸው።

ቀጥሎ ጽሑፉ። የፋብሪካ ኅትመት ጠርዙ እንደ ምላጭ የተቆረጠ ነው፤ የተቀባው ፊደሉ ይወፍራል፣ የፊደሎቹ ጫፍ ክብ ይሆናል፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም አይስተካከልም። የደቂቃ ሰረዞቹን አንድ በአንድ ይከተሉ። በእያንዳንዱ አምስተኛ ሰረዝ ላይ የተለጠፈው ምልክት መሐል ለመሐል መቀመጥ አለበት። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ካፈነገጠ ምልክቶቹ ተነቅለው በሙጫ ተመልሰዋል። የቀንና የዕለት መስኮቱን ጠርዝ ይመልከቱ፦ ወፍራም ቀለም እዚያ ይጠራቀማል፣ ጠርዙም ያብጣል። ፋብሪካ የሠራው መስኮት ጥርት ያለ ነው። ብሩሽ የጎተተው ፀጉር ወይም አቧራ ከቀለሙ ሥር ተቀብሮ ካገኙ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ማታ የሚያበራው ነጥብም ብዙ ይናገራል። በዳያሉና በቆጣሪዎቹ ላይ ያለው ቀለም አብሮ ነው የሚያረጀው፤ ወደ ክሬም ወይም ወደ ቡናማ ይሄዳል። የዳያሉ ነጥቦች ቢጫ ሆነው የቆጣሪዎቹ በረዶ ከመሰለ ቆጣሪዎቹ ተቀይረዋል። ሁሉም እኩል ነጭ ሆነው በጨለማ ለረጅም ሰዓት የሚያበሩ ከሆነ በቅርብ ጊዜ የተቀቡ ናቸው፤ የዚያ ዘመን ቀለም እስካሁን በዚያ ጉልበት አያበራም።

ታዲያ ያረጀ ዳያል ሁሉ ይጣል? አይደለም። እኩል የደበዘዘ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ የጨለመ ዳያል በተቀባ አዲስ አይለወጥም። የሚያስፈራው የእርጥበት ምልክት ነው፦ የተነፋ ወይም የተሰነጠቀ ቫርኒሽ፣ እንደ አፈር የተረጨ ጥቁር ነጠብጣብ፣ በተለይ ከመሙያው አጠገብ፣ በ4 ቁጥር በኩል ሲበዛ። ውሃው በዚያ ገብቷል ማለት ነው፤ ዳያሉ ላይ የደረሰ ውሃ ሥሩ ያለውን ማሽንም ነክቶታል።

የጀርባ ክዳኑ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። አንደኛው 7009 ብሎ ሰረዝ አድርጎ አራት አኃዝ ይጨምራል፤ ይህ ማሽኑና የቀፎው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ስድስት አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው አኃዝ የምርት ዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር፣ ሁለተኛው ደግሞ ወሩ ነው። ከ1 እስከ 9 ከጥር እስከ መስከረም የፈረንጅ ወራት ናቸው፤ ጥቅምት በላቲኑ ኦ፣ ኅዳር በኤን፣ ታኅሣሥ በዲ ይጻፋሉ። 51 ብሎ የሚጀምር ክዳን የጥር 1985 ወይም የጥር 1995 ነው (እ.ኤ.አ.)፤ አሥርቱን ዓመታት የሚለየው የሞዴሉ ዓይነት ነው። ሻጩ «የ60ዎቹ ነው፣ አያቴ የገዛው» ካለ ፈገግ ይበሉና ይለፉት፤ 7009 ያኔ አልተወለደም። በድሮ ክዳኖች ላይ ውሃ አያስገባም የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ውሃ ይቋቋማል በሚለው ተተክቷል። ስለዚህ አሮጌው ቃል ያለበት ክዳን ውስጡ 7009 ካለው፣ ክዳኑ ወይም ማሽኑ ከሌላ ሰዓት የመጣ ነው።

ቀፎውን ሲያዩ ጆሮዎቹን፣ ማለትም ማሰሪያው የሚታሰርባቸውን አራት ጫፎች፣ እርስ በርስ ያስተያዩ። ፋብሪካው የተቦረሸውንና የሚያበራውን ክፍል የሚለይ ስለታም መስመር ይተዋል። መወልወያ ሞተር መጀመሪያ የሚበላው ያንን መስመር ነው። አራቱ ጆሮዎች እኩል ካልሆኑ፣ ጠርዞቹ እንደ ሳሙና ከለዘቡ፣ ቀፎው ላይ ያለው ማብራት ያማረ ቢሆንም ብረት ጎድሏል። ጥቂት ጭረት ያለበትን ያልተነካ ቀፎ እንመርጣለን። ክዳኑ ላይ ኤስ ጂ ፒ የሚል ካለ የሴይኮ ወርቅ ቅብ ነው። ወርቅ ቅብ ከሆነ ሸሚዝ የሚነካባቸውን ጎኖች፣ የጆሮ ጫፎችንና መሙያው አካባቢ ያለውን ይዩ፤ ከሥሩ ሌላ ብረት ብቅ ካለ መልሶ ማስቀባት ከሰዓቱ ዋጋ ጋር አይመጣጠንም።

መስታወቱ ሴይኮ ሃርድሌክስ የሚለው የጠነከረ መስታወት ነው፣ ሳፋየር አይደለም። እንደ ፕላስቲኩ በክሬም ተፈግፍጎ ጭረቱ አይጠፋም፣ መቀየር ነው። ያ ርካሽ ሥራ ስለሆነ የተጫረ መስታወት ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት እንጂ ሰዓቱን ለመተው ምክንያት አይደለም። ብቻ በጣም የተጫረ መስታወት ከሥሩ ያለውን ዳያል ስለሚደብቅ፣ እርጥብ ጣትዎን መስታወቱ ላይ ያሳልፉ፤ ውሃው ጭረቱን ለጥቂት ሰከንድ ሞልቶ ዳያሉን ያሳይዎታል። መሙያው ትንሽና ወደ ቀፎው ገብቶ የተደበቀ መሆን አለበት። ተርፎ የወጣ ትልቅ መሙያ ካለ ተቀይሯል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያም ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ካላንደሩን ለመፈተን መሙያውን እስከ መጨረሻው ስበው ቆጣሪዎቹን ወደ ፊት ያዙሩ። ሁለት ሙሉ ቀን ያሳልፉ። ቀኑ 12 ቁጥር አካባቢ ይዘላል ወይም ቀስ ብሎ ይቀየራል፤ ዕለቱ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ዕለቱ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ የታተመበት ሰዓት፣ ማለትም ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የተሠራው፣ ሲቀየር መጀመሪያ ሌላው ቋንቋ ብቅ ብሎ ትንሽ ይቆይና ወደሚፈለገው ያልፋል። ብልሽት አይደለም፤ ሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ ጎማ ላይ ስለተደረደሩ ነው። ቀኑ በመስኮቱ ግማሽ ላይ ቆሞ ከቀረ ግን ጎማውን የሚይዘው ሞላ ደክሟል ወይም ጥርስ ተሰብሯል።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው ብቻ የሚያጋጥም ነገር አለ። ቆጣሪዎቹን በሀገርኛ ሰዓት አቆጣጠር የሚሞላ ባለቤት፣ ቀኑ የሚቀየረው ማታ 12 ሰዓት ወይም ጠዋት 12 ሰዓት ይሆንበታል፤ ማሽኑ የሚያውቀው የቆጣሪዎቹን 12 እንጂ እኩለ ሌሊትን አይደለም። ገዢው ከመሸ በኋላ ቀኑ ሲቀየር አይቶ «ካላንደሩ ተበላሽቷል» ይላል፤ ሰዓቱ ግን ጤነኛ ነው። ቀኑ በትክክል ሌሊት 6 ሰዓት እንዲቀየር የሚፈልግ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር መሙላትና በልቡ 6 መቀነስ አለበት። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ መሙያውን አንድ ደረጃ ስቦ ቀኑንና ዕለቱን በፍጥነት ማስተካከል የሚቻለው፣ ቆጣሪዎቹ በሌሊቱ ዙር ከ9 እስከ 4 ቁጥር መካከል በማይሆኑበት ጊዜ ብቻ ነው። በዚያ ክልል ውስጥ የካላንደሩ ጥርሶች ስለተያያዙ በኃይል ሲዞሩ ይሰበራሉ። መሙያው በአንድ በኩል ሲዞር ቀኑን፣ በሌላው በኩል ዕለቱን ካልቀየረ፣ ከቀድሞ ባለቤቶች አንዱ ይህን አድርጎታል ማለት ነው።

አሁን ማሽኑ። የቆመውን ሰዓት ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ጎን ለጎን ቀስ ብለው አምስት ስድስት ጊዜ ያወዛውዙት። ጤነኛ 7009 ወዲያው ይነሣል። በብርቱ ካልተናጠ የማይነሣ ከሆነ ዘይቱ ደርቋል። ሲወዛወዝ የሮተሩን ድምፅ ያዳምጡ፦ ለስላሳ የመንከባለል ድምፅ ደህና ነው፤ ብረት ከብረት የሚፋጭ ወይም ቀጭን የመንኳኳት ድምፅ ከሰሙ የሮተሩ መሸከሚያ አልቋል ወይም ብሎኑ ላልቷል።

ከዚያ ይክፈቱት። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ሰዓት ሠሪዎች በትንሽ ክፍያ በፊትዎ ይከፍታሉ፤ «ፋብሪካ ያሸገው ነው፣ አይከፈትም» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ሰዓቱን ያስቀምጡ። ሲከፈት ሮተሩ ወይም የማሽኑ ሳህን ላይ 7009 የሚል መጻፍ አለበት። ክዳኑ ውስጠኛ ፊት ላይ በሮተር የተፋቀ ክብ ጭረት ካለ የመሸከሚያውን ማለቅ ያረጋግጣል። የብሎኖቹን ራስ ይዩ፤ በካቻቢቴ የተቆራረጡ ራሶች ያልሠለጠነ እጅ እንደገባበት ይናገራሉ። ማሽኑን ቀፎው ውስጥ የሚይዘው ቀለበት በብዙዎቹ ላይ ፕላስቲክ ነው። ከጠፋ ማሽኑ ቀፎው ውስጥ ይነቃነቃል፣ ዳያሉም ትንሽ ይዞራል። መሙያው በሚገባበት ዘንግ ዙሪያ ቀይ ዱቄት ከታየ ዝገት ነው። ብረቱ ላይ ብቻ ያረፈ ቀላል ዝገት ይጸዳል፤ በጥርሶች ዘንግ ላይ የደረሰ ከሆነ ማሽኑን እንደ መለዋወጫ ብቻ ይቁጠሩት። ክዳኑ የሚታሰርበትን ጉድጓድም በጣት ጥፍር ይዳስሱ፦ ላብና ዝገት ብረቱን በልተው ጉድጓድ ከተዉበት አዲስ ኦሪንግ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) ቢገባም አይታሸግም።

አካሄዱን ለመለካት ሰዓት ሠሪው የመለኪያ ማሽን ካለው በደንብ ከሞላ በኋላ ፊቱን ወደ ላይ፣ ከዚያም መሙያውን ወደ ታች አድርጎ ይለካው። በቀን እስከ 30 ሰከንድ መቅደም ወይም መዘግየት ለዚህ ዕድሜ ጥሩ ነው። የባላንሱ፣ ማለትም ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ጎማ፣ ውዝዋዜ ከ220 እስከ 250 ዲግሪ ከሆነ ደስ ይበልዎ፤ የሴይኮ ማሽኖች እንደ ስዊሶቹ ከፍ ያለ ቁጥር አያሳዩም። ከ200 ከወረደ መታጠብ አለበት። በሁለቱ አቀማመጦች መካከል የደቂቃ ልዩነት ካለ የባላንሱ ዘንግ አልቆ ሊሆን ይችላል። የስልክ መተግበሪያዎች በማይክሮፎን ፍጥነቱን በደህና ይለካሉ፤ የውዝዋዜውን ዲግሪ ግን አይመኗቸው።

በቀን ብዙ ደቂቃ የሚቀድም ሰዓት ሲያጋጥምዎ ወዲያው ብልሽት አይበሉ። ብዙ ጊዜ ማግኔት ነው፤ የባላንሱ ቀጭን ሞላ ተጣብቆ ያጥራል፣ ማሽኑም ይፈጥናል። ኮምፓስ አጠገብ ሲያስጠጉት መርፌው ከተንቀጠቀጠ ምክንያቱ ተገኘ። ሰዓት ሠሪው በአንድ ደቂቃ ያጠፋዋል፤ ሻጩ ይህን ካላወቀ ትልቅ ቅናሽ ሊያገኙበት ይችላሉ። ተቃራኒው አሳሳች ነው፦ መለኪያው ጥሩ እያሳየ፣ የሰከንድ ቆጣሪዋም በደንብ እየሄደች፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የደቂቃው ቆጣሪ ሦስትና አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ቆጣሪውን የሚነዳው ትንሹ ቱቦ ላልቶ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሰዓቱን ከስልክ ጋር አስተካክለው፣ ሻይ ጠጥተው ተመልሰው ያወዳድሩት። ሙሉ የሞላ ጤነኛ ማሽን ሳይነካ ወደ 40 ሰዓት ይሄዳል፤ ማታ አውልቀው ጠዋት ቆሞ ካገኙት ዋናው ሞላ ወይም ሮተሩ ሞላውን የሚሞላበት ክንድ ደክሟል።

በኢንተርኔት ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው በኩል ሲገዙ ዳያሉ ፊት ለፊት፣ ዳያሉ ከጎን በብርሃን፣ የክዳኑ ቁጥሮች፣ ክፍት ማሽን፣ ከዚያም ቀኑ ሲቀየር የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይጠይቁ። አንዱንም ያላመጣ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው ብለው ይያዙት።

ፍርዳችን ይህ ነው። ባለ ኦሪጅናል ዳያልና ያልተወለወለ ቀፎ፣ ማሽኑ የቆመ 7009 ከተገኘ እንገዛለን፣ ዋጋውንም ከሚሠራው ዝቅ አድርገን። የሚያብለጨልጭ፣ በደንብ የሚመታ፣ ዳያሉ የተቀባ ሰዓት በግማሽ ዋጋም አንገዛም፤ እሱን ለመሸጥ ሲሞክሩ ቀጣዩ ገዢ ከ6 ቁጥር ሥር አጎንብሶ ያያል። ድርድር ውስጥ የማጠቢያና የዘይት መቀየሪያ ሒሳብን ሁልጊዜ ይደምሩ፤ ለእንደዚህ ያለ ሰዓት የጥገናው ዋጋ ከሰዓቱ ዋጋ ሊስተካከል ወይም ሊበልጥ ይችላል፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ደግሞ በእርግጥ ይበልጣል። ከገዙ በኋላ ክዳኑ ላይ ያለውን «ውሃ ይቋቋማል» ይርሱት፤ ያ ተስፋ የተሰጠው ለአዲስ ኦሪንግ ነበር። የክዳኑንና የመሙያውን ማሸጊያ ያስቀይሩ። ሰዓት ሠሪው ሲረከብዎት ደግሞ አስቀድመው በግልጽ ይንገሩት፦ ማሽኑን እጠበው፣ መስታወቱን ቀይረው፣ ቀፎውን እንዳትወለውለው፣ ዳያሉን በጨርቅም ቢሆን እንዳትነካው።